«የት ይቆርጣል?»

ኢንዛይም ከፍሪጅ ሳወጣ ባዩኝ ቁጥር፣ በአንድ ላብራቶሪ አብረን የምንሠራው አጎቴ «የት ይቆርጣል?» ይሉኝ ነበር። ሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፈን እንኳ አይተዉኝም ነበር።

አንድ ቀን ልደታ ባለው ላብራቶሪያችን አንዲት ጠብታ ናሙና ብቻ ቀርታ፣ እንደ ልማዴ ፕሮቲን የሚቆራርጠውን ትሪፕሲን ልጨምርባት ስል እጄን ያዙኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ቁጠር» አሉኝ። የፕሮቲኑ ቅደም ተከተል በታተመበት ወረቀት ላይ ትሪፕሲን የሚቆርጥባቸውን ቦታዎች በእርሳስ ምልክት አስደረጉኝ። ሁለት ብቻ ነበሩ። ቁራጮቹ ፕሮቲን የምናነብበት ማሽን ሊያነብ ከሚችለው በላይ ሊረዝሙብን ነበር። በራሴ ተናደድኩ። ሌላ ኢንዛይም መረጥን፤ ናሙናዋም ተረፈች።

አጎቴን ከቀበርናቸው ወር ሆነ። ዛሬም ከሌላ ናሙና የቀረችኝ አንዲት ጠብታ ናት። ቦታዎቹን ምልክት አድርጌ ደግሜ ቆጥሬያለሁ፤ ኢንዛይሙንም መርጫለሁ። እጄ ግን ከቱቦው በላይ ቆሞ የሚይዘውን ሰው ይጠብቃል።