ጎዶሎ የተባለው የጌሾ ግጥሜ

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የአማርኛ መምህራችን ግጥሜን «አንካሳ ነው» ብለው ከአሥር ሦስት ሰጥተውኛል። ይህ በደል ነው። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ባያልፍም በደልን ጽፎ ለማስቀመጥ ይበቃል።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጅ ልጄ ናት። ትናንት ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የግጥም የቤት ሥራዋን በጣቷ ስትቆጥር «እማማ፣ ይኼ ስንኝ አንድ ቀለም ጎደለው፤ ልሰርዘው?» አለችኝ።

«እጅሽን ሰብስቢ!» አልኳት። «መጀመሪያ ገጣሚው ምን እየሠራ እንዳለው ጠይቂ።»

ያኔ የምማረው ደብረ ታቦር፣ አክስቴ ቤት ሆኜ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ከጉና የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ ስለምትዳር ግቢው በሴቶች ተሞልቶ ለሠርጉ ጠላ ጌሾ ይወቀጣል። በአንድ ሙቀጫ ሁለት ሴቶች ይቆማሉ። አንዷ ስንኟን ብላ ዘነዘናዋን ስታወርድ ሌላዋ የራሷን እያነሣች ትቀበላለች። እኔም እዚያው ይችን ገጠምኩ፦

ሙሽራው ሲመጣ ጠላ እንዳይጎድል፣
ጌሾውን አድቅቂው ጉልበትሽ ሳይዝል።

መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፈው በጠመኔ ቆራረጧት። «ቤት ትመታለች፤ ሁለቱም ስንኝ በ‹ል› ያርፋል። የየስንኙ የመጀመሪያው ሐረግ ስድስት ቀለም ነው፤ ሁለተኛው ግን አምስት። ጎዶሎ ናት» አሉ። ክፍሉ ሳቀብኝ። በወላጆች ቀን ግጥም የሚያነቡት ከስምንት በላይ ያገኙ ብቻ ናቸው። እናቴ ደግሞ ለዚያ ቀን ብላ ከገጠር ልትመጣ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ልትረግጥ ነው።

«መምህር፣ ምንም አልጎደለም። ቅዳሜ አክስቴ ግቢ ይምጡና ይስሙ» አልኩ።

«ባልመጣስ?»

«ፈርተው ነው እላለሁ።»

መጡ። ሴቶቹ ግጥሜን እያሉ ሲወቅጡ፣ እሳቸው ኮታቸውን ግጥም አድርገው ቆልፈው፣ የቀረበላቸውን ትኩስ ድንች በአዋዜ በአንድ እጃቸው እየጎረሱ በሌላው ይቆጥራሉ። ስድስት፣ አምስት፣ ዱም! ስድስት፣ አምስት፣ ዱም! ማላመጣቸውን አቆሙ። «እስቲ እንደገና» አሉ።

አክስቴ ዘነዘናውን አስጨበጠቻቸው። «በጣት ብቻ አይሆንም መምህር፣ በክንድዎም ይሞክሩት!»

ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ስንኙ ሳያልቅ ቸኩለው ቢያወርዱት ዘነዘናችን ተጋጨ፤ ጌሾው ኮታቸው ላይ ተበተነ።

«ኧረ እኝህ ሰው ልጅቱን ያለ ጠላ ሊድሯት ነው!» አለች ከወቃጮቹ አንዷ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። ሁለተኛም ሳቱት። በሦስተኛው ግን «እንዳይጎድል» ብለው እስኪጨርሱ ታግሠው፣ ልክ በጎደለው ቀለም ቦታ ዱም አደረጉት! ሴቶቹ እልል አሉ።

የልጅ ልጄ እርሳሷን አስቀምጣ ታዳምጠኛለች። ሰው በወረቀት ብቻ ሲመዝን የሥራውን ድምፅ እንደማይሰማ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት፤ ራሷ ትድረስበት።

«ታዲያ ምን አሉዎት?» አለችኝ።

እሳቸውማ ላባቸውን ጠርገው፣ ከኮታቸው ላይ ጌሾ እያራገፉ፣ «በወላጆች ቀን ታነቢያታለሽ፤ ሙቀጫውን ተሸክመሽ የምትመጪው ግን አንቺው ነሽ» አሉኝ።