በሲሚንቶ ወለል ላይ የመረጥነው ፍራሽ

ቤቴል ባለ የካምፕ ዕቃ መጋዘን ሥራ የገባሁ ቀን ጋሽ ታደለ አንድ የተጠቀለለ ነገር ከመደርደሪያ አውርደው እግሬ ሥር ዘረጉትና "ዘሃራ፣ ይቺን ቫልቭ ክፈቺና ዞር በይ" አሉኝ። ከፍቼ ዞር ስል ከኋላዬ የሚያፏጭ ድምፅ ሰማሁ። እባብ መስሎኝ ዘለልኩ። ሳየው ፍራሹ አየር እየሳበ ቀስ እያለ ከወለሉ ይነሳል። ማንም አልነፋውም።

"ይሄ ነገር ነፍስ አለው እንዴ?" አልኳቸው።

"ውስጡ ስፖንጅ ነው ያለው። ታፍኖ የቆየ ስፖንጅ ሲለቁት ይተነፍሳል" አሉ። አልሳቁብኝም። የመዝለሌን ነገር ግን ለምግብ አብሳይዋ ለእትዬ ብርቄ ነግረዋት ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ሆንኩ።

ከዚያ በፊት ኮልፌ የስፖንጅ ፍራሽ መሸጫ ውስጥ ስለሠራሁ ሥራውን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ለካ የማውቀው አልጋ ላይ ስለሚነጠፈው ብቻ ነው። ድንጋይና ውርጭ ላይ ስለሚነጠፈው ያስተማሩኝ ጋሽ ታደለ ናቸው። ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ አብዛኛው የእሳቸው ነው።

ድርጅታችን ትንሽ ነበር። የውጭ ሰዎችንም የአዲስ አበባ ወጣቶችንም ተራራ እያወጣን ድንኳን ውስጥ እናሳድር ነበር። ባለቤቱ ሳሙኤል በዕድሜ ከሁላችንም ያንስ ስለነበር ሳሚ ነበር የምንለው። ጋሽ ታደለ የካምፕ ኃላፊ፣ እትዬ ብርቄ ዋና ምግብ አብሳይ፣ እኔ ደግሞ የመጋዘን ሠራተኛ። በቅሎ ጫኞቹና ጥበቃዎቹ እንደየጉዞው ይቀያየራሉ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ የዕቃ አቀማመጥ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ፍራሾቹን ሁሉ ከነላስቲካቸው አጥብቆ አስሮ ደርድሯቸዋል። እኛ ዘንድ አዲስ ዕቃ ላስቲኩ እራሱ ተቀዶ እስኪያልቅ አይወልቅለትም፤ ሶፋው ከነላስቲኩ ያረጀበት ቤት አውቃለሁ። በራሱ የሚነፋ ፍራሽ ግን እንዲህ ታስሮ ከከረመ ስፖንጁ ተጨምቆ ይቀርና መነሳት ያቅተዋል። ጋሽ ታደለ ሁሉንም አስፈቱኝ። ቫልቫቸው ተከፍቶ፣ ተዘርግተው፣ ግድግዳ ተደግፈው እንዲቆሙ አደረግን። መጋዘኑ ጠበበ፤ ሳሚም አጉረመረመ። ፍራሾቹ ግን ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩ።

ቀዳዳ ፍለጋም ነበር። ፍራሹን ነፍተን የሳሙና ውሃ እንቀባውና አረፋ የሚሠራበትን ቦታ በእስክሪብቶ እንከባለን። ከደረቀ በኋላ በማስቲሽ ቁራጭ ላስቲክ እንለጥፍበታለን። የማይጠገን በሽታ አንድ ብቻ ነው፤ ጨርቁ ከስፖንጁ ሲላቀቅ። ያኔ ፍራሹ መሃሉ ላይ እንደ እርጉዝ ሆድ ይነፋል። የተኛበት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲንከባለል ያድራል።

አንድ ቀን ጋሽ ታደለን "ጉዞ ላይ ደንበኞቹ እንዴት እንዳደሩ ለምን አይጠይቁልኝም? የትኛው ፍራሽ እንደተበላሸ አውቅ ነበር" አልኳቸው።

"አንቺ ዛሬ እንዴት አደርሽ?" አሉኝ መልሰው።

"አልሃምዱሊላህ፣ ደህና።"

"ቅድም ለብርቄ ጥርሴ ሲጠዘጥዘኝ አደረ ስትል የሰማኋት ማን ናት ታዲያ?"

እሳቸው ካምፕ ውስጥ ሰው እንዴት እንዳደረ ጠይቀው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት በተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ ብለው ሰዎች ጫማቸውን ሲያስሩ ያያሉ። ጎንበስ ብሎ ያሰረ ደህና አድሯል። እግሩን ድንጋይ ላይ የሰቀለ ጎኑ ደንዝዟል። ማሰሪያውን ሳያስር ተረከዙን ረግጦ የሄደ ወገቡ ተይዟል። እንዲህ እያሉ የእያንዳንዱን ፍራሽ ጤና ሲነግሩኝ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ይህን ሰው በጣም ነበር የማደንቀው፤ አሁንም አደንቃለሁ።

ተረከዝ ረግጦ መሄድ ያበዛችው ግን ደንበኛ አልነበረችም። እትዬ ብርቄ ነበረች።

እትዬ ብርቄ ከካምፑ ሁሉ ቀድማ ትነሳለች። ሌላው ሰው ድንኳኑን ሲከፍት ሻይዋ ፈልቷል፣ ገንፎዋ ደርሷል። ዘነበወርቅ ሰፈር በተከራየችው ቤት ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገችው በዚህ ሥራ ነው። ለሠራተኛው የሚደርሰው ደንበኛ የጠላው ፍራሽ ስለሆነ ዓመታት ሙሉ ሆዱ በተነፋ ፍራሽ ላይ ተኝታ ወገቧ ተጎድቶ ነበር። እኔና ጋሽ ታደለ እናውቃለን። "ለሳሚ ትንፍሽ እንዳትሉ። ጤነኛ ወጣት እኮ በሽ ነው፤ በማግሥቱ ይተካኛል" ብላ አስምላናለች።

አንድ ክረምት፣ ጉዞ በሌለበት ሰሞን፣ ሳሚ ፍራሾቹን ሁሉ ሊቀይር ቆረጠ። ሦስት ናሙና አምጥቶ ወለሉ ላይ ዘረጋ። አንደኛው ሁለት ጣት የማይሞላ ውፍረት ያለው፣ ቀላልና ከሁሉም ርካሹ። ሁለተኛው ያለ ስፖንጅ አየር ብቻ የሚነፋ፤ ሲገላበጡበት እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል፣ ከሥርም ብርድ ያስገባል። ሦስተኛው አራት ጣት ያህል ወፍራም፣ ስፖንጁ ጠጠር ያለ፣ ቀለሙ የጭቃ። መልኩን አይቶ የሚገዛው ሰው አይገኝም። ዋጋው ከመጀመሪያው ትንሽ ይበልጣል።

"በጀቱ ጠባብ ነው። ግን በዚህኛው ዙር ደንበኛም ሠራተኛም አንድ ዓይነት ነው የሚተኛው። እናንተው ሞክሩና ንገሩኝ" አለ። ለዚህ ንግግሩ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

እኔና እትዬ ብርቄ በመጋዘኑ ሲሚንቶ ላይ፣ ጋሽ ታደለ ቢሮው ውስጥ፣ ፍራሾቹን በየተራ እየተቀያየርን ሦስት ሌሊት አደርን። ሳሚ በየጠዋቱ እየመጣ "እንዴት አደራችሁ?" ይለናል። እኛም በየጠዋቱ "ተመስገን!" እንላለን። ሦስቱም ፍራሾች እኩል ተመስገን ተባለላቸው። እትዬ ብርቄማ ቀጭኑ ላይ አድራ እንኳ "ኧረ እንደ አልጋ ነው!" አለች።

"እንግዲህ ሁሉም ጥሩ ከሆነ ርካሹን እገዛለሁ" አለ ሳሚ። ምን ያድርግ? የነገርነውን ነው ያመነው።

እኔ ተናደድኩ። እትዬ ብርቄ በዚያ ቀጭን ነገር ባሌ ተራራ ላይ ሁለት ቀን ካደረች በሦስተኛው ቀን እንደማትነሳ አውቃለሁ። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። መሐላዬን አስታውሼ ፍራሹን መጠቅለል ጀመርኩ።

ጋሽ ታደለ ግን "ሳሚ፣ ሁለት ቀን ስጠን። አትጠይቀን። ጠዋት ቀደም ብለህ ና፣ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ በልና እየን ብቻ" አሉት። እትዬ ብርቄን ደግሞ መጀመሪያ ቀጭኑ ላይ፣ በማግሥቱ ወፍራሙ ላይ እንድትተኛ አደረጉ።

በመጀመሪያው ጠዋት ሳሚ በሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ አገኘነው። እትዬ ብርቄ መደርደሪያውን ይዛ ተነሳች። ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘች። ልታስር ሞከረች፤ እጇ ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ወገቧ ያዛት። እንደገና ሞከረች። ላስርላት ስሄድ ጋሽ ታደለ ክንዴን ያዙኝ። ተረከዙን ረግጣ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ቡታጋዝ ሄዳ ቆማ ለኮሰች።

"እትዬ ብርቄ፣ አሞሻል እንዴ?" አለ ሳሚ።

"ኧረ ደህና ነኝ!" አለች። ፊቷን አላዞረችም።

ሳሚ እኔንና ጋሽ ታደለን ውጭ ጠራን። "በዚህ ወገብ ተራራ ልትወጣ ነው? እዚያ ብትወድቅብኝስ? ሌላ ሰው መፈለግ አለብኝ" አለ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ደንግጦ ነው። እሱ ሲሄድ ግን በጋሽ ታደለ ላይ ጮህኩባቸው።

"አጋለጧት! በገዛ እጅዎ ከሥራ አስወጧት!"

"ደብቀናት ምን ጠቀምናት? ነገን ጠብቂ" አሉኝ። ድምፃቸው ግን ልክ አልነበረም። ፈርተው ነበር፤ የእሷ እንጀራ በእሳቸው ምክር ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ቀን ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ።

በማግሥቱ እትዬ ብርቄ ከጭቃ ቀለሙ ወፍራም ፍራሽ ላይ በጎኗ ዞራ ተነሳች። መደርደሪያውን አልነካችም። ቁጭ ብላ ግራ ጫማዋን አሰረች፣ ከዚያ ቀኙን። ቡታጋዙን ወደ ወለሉ አወረደችና ተቀምጣ ለኮሰች። በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያ ይዛ ስትነሳ ሦስታችንም እንደ ኳስ ተመልካች አፍጥጠን ነበር።

"ምን ታያላችሁ? ሰው ሻይ ሲያፈላ አይታችሁ አታውቁም?" ብላ ተቆጣች።

ሳሚ ሳቀ። ከዚያ ፍራሹን በጉልበቱ፣ በክርኑ ተጫነው፤ ወለሉ አልተሰማውም። "ያመማት መሬቱ ነዋ" አለ። የካምፑን ታጣፊ ወንበሮች የመቀየር ሐሳቡን ለሌላ ጊዜ አስተላልፎ በዚያ ገንዘብ የጭቃ ቀለሞቹን ፍራሾች አስመጣ። ስለ ሌላ ምግብ አብሳይ ዳግም አላነሳም። ጋሽ ታደለ ከመጋዘኑ ጀርባ ሄደው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻቸዋለሁ። ጉንፋን ነው አሉ።

ጥቅምት ላይ የፍራሾቹን ነገር ለማየት ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬያቸው ባሌ ወጣሁ። ሳሚም ነበር። የመጀመሪያው ጠዋት ሁላችንም እሳት ዙሪያ፣ ደንበኞቹም ባሉበት፣ እትዬ ብርቄ ጭልፋዋን ይዛ ቆመች።

"ማነው ፍራሼን እንደ ከበሮ የወጠረው? ጎኔን ጨረሰኝ እኮ!"

በዚያ ድርጅት ሠራተኛ ስለ መኝታው አማርሮ አያውቅም። አንዱ በቅሎ ጫኝ እጁን አወጣ። ለእሷ ክብር ብሎ፣ ፍራሹ በራሱ ከተነፋ በኋላ ትንፋሹ እስኪያልቅ በአፉ ጨምሮበት ኖሯል።

ሳሚ ተነስቶ ድንኳኗ ገባና ፍራሹ ላይ ተንበረከከ። ቫልቩን ጥቂት ከፍቶ "አሁንስ?" አላት።

"ትንሽ አስተንፍሰው። ትንሽ። በቃ፣ በቃ!" አለችው፤ አለቃዋን እንደ ልጇ እያዘዘች። ጥበቃውም "የእኔም ፍራሽ ደርቋል" አለ፤ እኔም እንደሱ አልኩ። ያን ጠዋት ቁርስ ዘገየ።

እትዬ ብርቄ ዛሬም ተራራ ትወጣለች። እኔ ዓለም ባንክ የካምፕ ዕቃ የማከራይበት የራሴ ሱቅ አለኝ። ወጣቶች እየመጡ ርካሽና ጥሩ ፍራሽ የቱ ነው ይሉኛል። ከሁላችሁ ቀድሞ የሚነሳው ማነው እላቸዋለሁ። እሱን አምጡትና ይተኛበት። ለእሱ የሚሆነው ለሌላው አያንስም።