የዝግባ ሜዳ አሥራ አንድ ድምፅ

ሽመክት ኮቱን ሰፍቶ ሲያነሣው የግራው እጅጌ ተገልብጦ ተሰፍቷል። በእንጅባራ ገበያ ዳር፣ በአንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና መርገጥ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት የሠራው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባቱ በሞቱ ሰሞን ነበር። ሚስቱ ትዕግስት ምሳውን ይዛ መጥታ ኖሮ ከኋላው ቆማ ኮቱን አየችው።

«የሰውዬው ክንድ ወደ ውስጥ ነው እንዴ የሚታጠፈው?» አለችው።

አልሳቀም። መቀሱን አንሥቶ ክሩን ይፈታ ጀመር።

«ስብሰባው ነገ ነው አይደል?»

«ነገ ነው።»

«እንግዲያ ዛሬ የሰው ልብስ አትንካ» ብላ ኮቱን ከእጁ ወሰደችበት።

ትዕግስት ስብሰባው እንዳስጨነቀው እንጂ ለምን እንዳስጨነቀው አታውቅም ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ለእሷም አልነገራትም።

ሽመክት የተወለደው ግምጃ ቤት ከተማ አካባቢ ነው። እስከ አሥራ አራት ዓመቱ ከአዊኛ በቀር ሌላ ቋንቋ በአፉ አልዞረም። አማርኛን የተማረው እንጅባራ ወርዶ ከልብስ ሰፊ ጋር ሲቀመጥ፣ ማንበብን ደግሞ መጠቅለያ ሆኖ ከሚመጣ አሮጌ ጋዜጣና ከዳዊት ነው። ድምፁ ጥሩ ስለሆነ በደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ያወጣ ነበር። ወል ድምፅ ፓርቲ በዞኑ ቢሮ ሲከፍትና ሰብሳቢው መምህር ዓለምነው «ና፣ የገበሬውን ነገር የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን» ሲሉት፣ እግዚአብሔር ለአንድ ነገር ያዘጋጀው መስሎት በደስታ ገባ። የቅስቀሳውንም ማይክሮፎን ለእሱ ሰጡት።

በምርጫው ፓርቲው ተሸነፈ። የትም ቦታ ተሸነፈ፤ የእንጅባራውና የዳንግላው ሽንፈት ግን ያን ያህል አላስገረመም። ያስገረመው በግምጃ ቤት በኩል ያለው የዝግባ ሜዳ ቀበሌ ነው። እዚያ ከሦስት መቶ በላይ ሰው ደጋፊ ነኝ ብሎ ፈርሞ ነበር። ሳጥኑ ሲከፈት በፓርቲው የድልድይ ምልክት ላይ የተገኘው አሥራ አንድ ድምፅ ነው። መምህር ዓለምነው ያን ቀን ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አዟዙረው አዩት፤ በጀርባው የቀረ ነገር ያለ ይመስል።

አሁን ከዋናው ጽሕፈት ቤት መመሪያ መጥቷል። እያንዳንዱ ዞን ሽንፈቱን ገምግሞ ለሚቀጥለው ምርጫ አዲስ የቅስቀሳ ስልት ይላክ ይላል። የነገው ስብሰባ ለዚህ ነው። ረቂቁን ሽመክት አስቀድሞ አንብቦታል። አራተኛው ገጽ ላይ አንድ አንቀጽ አለች፤ ስታነቃው የምታድር እሷ ናት። «በዝግባ ሜዳ ለተመዘገበው ውጤት ዋናው ምክንያት የቀበሌዋ አስተባባሪ የወይዘሮ ውዴ ቸልተኝነት ስለሆነ ከኃላፊነቷ እንድትነሣ» ትላለች።

ውዴ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ለከሰል የሚሆነውን የዲከረንስ ዛፍ ችግኝ አፍልታ ለገበሬ ትሸጣለች። ሦስት መቶውን ፊርማ ቤት ለቤት ዞራ የሰበሰበችው እሷ ናት፤ በዝናብ፣ በጭቃ። ቸልተኛ አልነበረችም። ይህን ሽመክት ከማንም በላይ ያውቃል፤ ምክንያቱም የዝግባ ሜዳን ድምፅ ያጠፋው ሰው እሱ ራሱ ነው።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ሰዎች በቢሮው ተሰበሰቡ። ቢሮው ከአንድ የእህል ወፍጮ ጀርባ ስለሆነ ወፍጮው ሲነሣ ሁሉም ዝም ይላል፤ ሲቆም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ውዴ ከግምጃ ቤት በሚኒባስ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ጫማዋ ላይ ጭቃ አለ። ሽመክት ሲገባ ቀና ብላ አየችውና ሰላምታ ሰጠችው። ከሰላምታው ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ እሱም ከሁሉ የፈራው ይህንኑ ነበር።

የዳንግላው ተወካይ አበረ ቀድሞ ተናገረ። የሬዲዮና የስልክ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ወሬውም እንደ ሱቁ ብዙ መብራት አለው።

«ችግራችን ግልጽ ነው» አለ። «አልተሰማንም። በአንድ መኪና፣ በአንድ ድምፅ ማጉያ ዞን ይሸፈናል? ለሚቀጥለው ሦስት መኪና፣ በየመኪናው ሁለት ሁለት ማጉያ። በአንዱ ጋሽ ሽመክት፣ በሌላው ዘፈን። ሰው እንቅልፉን ትቶ ይምረጠን።»

«ሰው ለመተኛት ሲል ሌላውን ቢመርጥስ?» አሉ መምህር ዓለምነው።

ሳቁ። ሽመክትም ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን ከአራተኛው ገጽ አልተነሣም።

«ገጠሩን እንተወው የሚልም ሐሳብ አለ» ብለው መምህር ዓለምነው ቀጠሉ። «በከተማው እናተኩር፤ ወጣቱ ስልክ ይዟል። ዝግባ ሜዳን ያየ ገጠር ላይ ጉልበት ያፈስሳል?» መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ወደ በሩ ተመለከቱ። «ውዴ፣ አራተኛውን ገጽ አይተሽዋል። የምትይው ካለ እንስማሽ።»

ወፍጮው ተነሣ። መሬቱም ወንበሩም ይንቀጠቀጣል። ለሁለት ደቂቃ ያህል የሁሉም ዓይን ውዴ ላይ ነበር። ሽመክት በልቡ የጀመረውን አቡነ ዘበሰማያት መሐል ላይ ጠፋበት፤ ከመጀመሪያው ያዘ፤ እንደገና ጠፋበት። አሁን ትናገራለች፣ አለ። የሜዳው ሰው ሁሉ ያየውን እሷ ሳትሰማ አትቀርም። ትናገርና እኔ እዚህ ሁሉ ሰው ፊት…

ወፍጮው ቆመ።

«የሠራሁትን ሠርቻለሁ» አለች ውዴ። «ሌላ የምለው የለኝም።»

«እንዲህ ከሆነ…» አበረ ተነሣ። «ከሦስት መቶ ሰው አሥራ አንድ! እታለም፣ እነዚህ አሥራ አንዱስ ዘመዶችሽ ናቸው ወይስ ተሳስተው ነው?»

«አራቱ ዘመዶቼ ናቸው» አለች ውዴ ረጋ ብላ። «ሰባቱ ስላዘኑልኝ ነው።»

መምህር ዓለምነው እስክሪብቷቸውን ከፈቱ። «እንግዲህ አንቀጹ እንዳለ ይጽደቅ…»

«ቆይ» አለ ሽመክት።

ድምፁ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የሚያወጣበት ድምፅ አልነበረም። ቆመ፤ ከዚያ መቆም አልቻለምና የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

«መምህር፣ አበረ አልተሰማንም ብሏል። ተሰምተናል። ዝግባ ሜዳ ላይ መሰማት የሚገባንን ያህል ተሰምተን፣ ከዚያም አልፈን ተሰምተናል።»

ከዚያ ነገራቸው። ግንቦት ውስጥ ነው። ለዚያ ቀን ሦስት ቀበሌ ተመድቦለት ነበርና ቸኩሏል። ከዝግባ ሜዳ በመለስ አንዲት ሣር የተሸከመች አሮጊት መኪናውን አስቁማ በአዊኛ «ልጄ፣ ቀስ በሉ። አያ ይሄነው ዐርፈዋል፤ ሰው ለቅሶ ላይ ነው» አለችው። ሾፌሩ አዊኛ አያውቅም፤ ምን አለች ብሎ ሲጠይቀው ሽመክት «መንገዱ ደኅና ነው ነው የምትለው» አለው። በዳር በዳር እናልፋለን፣ ብሎ አስቦ ነበር። ማጉያውንም ትንሽ ቀነስ አደረገው። ትንሽ።

መታጠፊያውን ሲያልፉ ሜዳው ፊት ለፊት ተዘረጋ። ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ቆሟል። በመሐሉ የአያ ይሄነው ፈረስ፣ በሙሉ ዕቃው ተጭኖ፣ የሟቹ ጋቢ ኮርቻው ላይ ተነጥፎ፣ ጦራቸው በጎን ታስሮ፣ በሁለት ሰው ይሳባል። አገሩ ፈረሰኛውን የሚሸኘው እንዲህ ነው፤ በዚያች ሰዓት ፈረሱ ራሱ ሰውዬው ነው። ዘፈኑ ከመኪናው ሲፈነዳ ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመ። አንዱን ሳቢ ጣለው። ኮርቻው ዞሮ ሆዱ ሥር ገባ፤ ጋቢው ጭቃ ላይ ወደቀ፤ ፈረሱም በላዩ ላይ እየረገጠ በለቀስተኛው መሐል ጋለበ።

«እኔ ደግሞ» አለ ሽመክት «ደንግጬ ይቅርታ አልሁ። ማይክሮፎኑ አፌ ላይ ነበር። ይቅርታው ከዘፈኑ በልጦ ጮኸ። ከዚያ ሾፌሩን መልስ አልሁትና ሸሸን። ለቢሮው በጻፍሁት ሪፖርት ላይ ‹በሰላም ተጠናቀቀ› ብያለሁ። ውዴ ያን ቀን እዚህ እንጅባራ ወረቀት ልትወስድ መጥታ ነበር። መርሐ ግብሩን አስቀድማችሁ በስልክ ንገሩኝ ብላን ነበር፤ ኔትወርክ የለም ብለን ሳንደውልላት ሄድን። ስሟን ሰርዙት። በቦታው የእኔ ይግባ።»

ወፍጮው እንኳ አልተነሣም። አበረ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

መምህር ዓለምነው ሽመክትን ሳይሆን ውዴን አዩ። «ታውቂ ነበር?»

«በማግሥቱ ሰማሁ» አለች።

«ታዲያ ስድስት ወር ሙሉ?»

«በአንድ ሰው አመካኝታ ልታመልጥ ነው ባላችሁኝ ነበር። ደግሞ…» ወደ ሽመክት ዞረች። «ጋሼ ሽመክት የአገሬው ልጅ ናቸው። ራሳቸው ይሉታል ብዬ ጠበቅሁ። ቆዩ እንጂ።»

ሽመክት ከዚያ ሁሉ ነገር ይልቅ «ቆዩ እንጂ» የሚለው ወጋው።

ሰነዱ ያን ቀን አልጸደቀም። መምህር ዓለምነው አራተኛውን ገጽ ከነአንቀጹ ቀደው በኪሳቸው ከተቱት። በቦታው ምን ይጻፍ የሚለው ብዙ አከራከረ። አበረ ሦስቱን መኪና ወደ አንድ አወረደ። አንዲቱንም ሙጭጭ ብሎ ያዛት፤ በመጨረሻ ለዳንግላ ገበያ ብቻ ተፈቀደችለት። ለገጠሩ ግን ውዴ የተናገረችው ተጻፈ። መኪና አይገባም፤ ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ በአገሩ ቋንቋ ይናገራል፤ ከመሄዱም በፊት በቀበሌው ለቅሶ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል።

«ይህ የምርጫ ስልት ነው?» አለ አበረ።

«ስልት አይደለም» አሉ መምህር ዓለምነው። «ግን ጻፈው።» ከዚያ ሽመክትን ሥራው ላይ ያቆዩት ወይም ያነሡት እንደሆነ ሳይናገሩ ኮፍያቸውን አነሡ። «አንተን በተመለከተ ሰኞ እንነጋገራለን።»

በር ላይ ውዴ ጠበቀችው። «እሑድ የአያ ይሄነው መንፈቅ ነው» አለችው። «የምሄደው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ከመጡ አብረን እንገባለን።»

«ቢያባርሩኝስ?»

«ያባርሩዎታላ። አብረን እንመለሳለን።»

ለትዕግስት የነገራት ያን ዕለት ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችውና አንዲት ቃል ሳትናገር ሣጥን ከፍታ አዲስ ጋቢ አወጣች። ለራሱ ያስፈተለችው ነበር። «ጭቃ ላይ የወደቀው ጋቢ ነው አላልህም?» አለችው።

እሑድ ዕለት ዝግባ ሜዳን በእግሩ ወጣ። የፓርቲውን ባጅ ቤት ትቶታል። ውዴ ከፊቱ፣ የጾም እንጀራ በመሶብ ይዛ ትሄዳለች። የአያ ይሄነው ግቢ በር ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። የሟቹ የበኩር ልጅ ነጋ፣ ረጅም ሰው፣ ከድንኳኑ ወጥቶ መጣ። ከኋላው አጥሩ ሥር ያው ፈረስ ታስሯል።

ሽመክት የሚለውን መንገድ ሙሉ ሲያጠናው ነበር። ሁሉም ጠፋው። ከእናቱ በተማረው ቋንቋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያን ቀን ድምፁ የእኔ ነበር» አለ። ጋቢውንም በሁለት እጁ ዘረጋ።

ነጋ ጋቢውን አልተቀበለም።

«አውቄሃለሁ» አለ። «አገሩ ሁሉ ድምፅህን ያውቃል። ዛሬ ምን ልትቀሰቅስ መጣህ?»

«ምንም። ለቅሶ ልደርስ ነው። ዘግይቻለሁ።»

«ስድስት ወር።»

«ስድስት ወር።»

ነጋ ወደ ፈረሱ ዞረ፤ ከዚያ ወደ ውዴ፤ ከዚያ ወደ ጋቢው። «ምርጫ ሲመጣ እኛን አትጠይቀን» አለ። «አንድ ድምፅ አልሰጥህም፤ እንዳትሳሳት።»

«አልጠይቅም።»

«እንግዲያ እሱን ለእናቴ ራስህ ስጣት። እኔ ብሰጣት ከማን ነው ትለኛለች፤ መልሱን አንተው ንገራት።» ከበሩ ፈቀቅ አለ።

ሽመክት ጫማውን ጠረገ። ፈረሱን አልፎ ሲገባ እንስሳው ጆሮውን አቁሞ አንድ ጊዜ አነፈነፈው፤ እሱም ቆመለት። ፈረሱ አልደነበረም። ሽመክት በልቡ ተመስገን አለና፣ ከድንኳኑ ጥግ ወደ ተቀመጡት ዓይነ ደካማ የነጋ እናት፣ ጋቢውን እንደያዘ ሄደ።