የማቴዎስ ሣጥንና የአማቱ ቆጮ

የሆሳዕናው አናጢ ማቴዎስ አግዳሚ ወንበሩንና ጠረጴዛውን እየሠራ አርፎ ቢቀመጥ ኖሮ ስሙም አብሮት ባረፈ ነበር። ግን ሰውየው ጆሮው አያርፍም። ራዲዮ ከተማ ከገባ ወዲህ፣ ድምፅ ከእንጨት ሣጥን እንዴት እንደሚወጣ ካላወቅሁ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ተነሣ። ከተበላሸ ራዲዮ እስፒከር እየፈታ፣ ኮምፔንሳቶ እየቆረጠ ሣጥን ይገጣጥም ጀመር። በዚያ በንጉሡ ዘመን ድምፅ ማጉያ ከነሣጥኑ ማስመጣት የትልቅ ከተማ ነገር ነበርና፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ለአምናው ጉባኤ ሣጥኑን እሱ እንዲሠራ ፈቀዱለት።

ፈቀዱና ተጸጸቱ። ሰባኪው አፉን በከፈተ ቁጥር ሣጥኑ ዝዝዝ እያለ ይከተለዋል፤ ምእመኑ አሜን ማለቱን ትቶ ይስቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማቴዎስ መባሉ ቀርቶ ዝንቡ ሆነ። ቅጽል ስም ደግሞ እግር አለው፤ አንጋጫ ድረስ ተጉዞ አማቱ ጆሮ ገባ። ዘንድሮ ሽማግሌዎቹ አንድ ዕድል ብቻ ሰጡት። የዘንድሮውም ሣጥን ከነዘረ ማቴዎስ ወደ አግዳሚ ወንበሩ ይመለሳል፣ ዝንቡ የሚለው ስም ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ይኖራል።

ከርሞ ከርሞ በሽታውን አገኘው። እስፒከሩና እንጨቱ ደረቅ ለደረቅ ስለሚነካኩ ነው የሚነዝረው፤ በመካከላቸው ለስላሳ ነገር ያስፈልጋል። ጨርቅ ሞከረ፣ ቃጫ ሞከረ፣ ዝንቡ አልሄደም። በመጨረሻ ባለሱቁ ረሻድ አንድ ራዲዮ ታሽጎ የመጣበትን ስፖንጅ ሰጠው። ስፖንጅ እንደ እንጨት ቃሉን የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ ሲጫኑት ይሸሻል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ማቴዎስ ምላጩን በሳሙና ውሃ እያራሰ፣ ትንፋሹን ይዞ እየሳበ፣ እስፒከሩ የሚቀመጥባቸው ሁለት ቀለበቶች አወጣ። ስስ ስለሆኑ ደራርቦ በማስቲሽ አጣበቃቸው። ማስቲሽ ኮባ ላይ ስለማይጣበቅ ቀለበቱን በኮባ ጠቀለለው፣ ድንጋይ ጫነበት፣ እሱም ሣጥኑን ሊወለውል ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ጉባኤው በማግስቱ ነው።

አማቱ ወይዘሮ ትርፊት ለዚሁ ጉባኤ ከአንጋጫ መጥተው እሱ ቤት አርፈዋል። እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የማያውቁ ሴት ናቸው። ልጃቸው ጣቢታ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ጓሮውን ቃኘት ቃኘት አደረጉና፣ በኮባ የተጠቀለለ፣ ድንጋይ የተጫነበት ነገር አዩ። በእኛ አገር በኮባ ተጠቅልሎ እሳት የሚጠብቅ ነገር ቆጮ ነው። ልጄ ለምሳ አሰናድታ ረሳችው ብለው አነሡት። ቅልል አለባቸው። የከተማ ቆጮ ከዚህ በላይ ምን ሊሆን ብለው ከንፈራቸውን መጠጡና ምጣድ ላይ አደረጉት።

ማቴዎስ ሲመለስ ሽታው በር ላይ ተቀበለው። ምጣዱ ላይ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ይንተከተካል፣ ጣቢታ ታስላለች፣ አማቱ ደግሞ ምን ዓይነት ቆጮ ነው እያሉ በእንጨት ይነካኩታል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ማቴዎስ ጎረቤት እስኪሰበሰብ በጮኸ ነበር። ግን አማት ናቸው። እሱና አማቱ ተከባብረው ፊት ለፊት ቃል አይለዋወጡም፤ ነገር ካለ በጣቢታ በኩል ነው የሚያልፈው። ደጃፉ ላይ ተቀመጠና፣ ምንም አይደለም በያቸው አለ። ምንም አይደለም ይበል እንጂ ጉባኤው ነገ ነው። ረሻድ ሌላ ስፖንጅ የለውም።

ጣቢታ የነገሩን ሥር ስታስረዳቸው ወይዘሮ ትርፊት ወደ ጓዳ ገቡና፣ የተነጠፈላቸውን የስፖንጅ ፍራሽ እየጎተቱ ወጡ። ፍራሹን ከአዲስ አበባ የላከው የጣቢታ ወንድም ነው፤ በሰፈሩ የመጀመሪያው ስለሆነ ባለቤቶቹ እንኳ ተኝተውበት አያውቁም። ጣቢታ ጫፉን ይዛ አይሆንም አለች።

"ባልሽ ይቁረጠው" አሉ እናቷ። "እኔ እንደሆንኩ እዚህ ላይ ስተኛ ገደል የምገባ እየመሰለኝ ነው የማድረው። ሰሌን ይበቃኛል።"

ማቴዎስ ምላጩን ቢያነሣም ወፍራሙ ስፖንጅ ይሸሻል። ይህን ያዩት ወይዘሮ ትርፊት መሬት ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እግራቸውን ዘረጉና፣ እንሰት ሲፍቁ እንደሚያደርጉት፣ ስፖንጁን በተረከዛቸው ከአንድ የማቴዎስ ሳንቃ ጋር አጣብቀው ያዙለት። ዕድሜ ልኩን እንሰት ይዞ የኖረ ተረከዝ ስፖንጅ አያመልጠውም። እሱ ምላጩን፣ እሳቸው አጥሩን እያዩ፣ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ቀለበቱን አወጡት። የጣቢታ ፍራሽ ግርጌው ላይ ክብ ቀዳዳ ቀረለት።

በማግስቱ ሜዳው በሰው ሞላ። ማቴዎስ ከዳሱ ምሰሶ ኋላ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ሰባኪው ሰላምታ ሲሰጥ ድምፁ ከሣጥኑ ጥርት ብሎ ወጣና ባሕር ዛፎቹ ድረስ ሄደ። መዘምራኑ ጮክ ብለው ዘመሩ፤ ሣጥኑ ከራሱ ምንም አልጨመረም። ማቴዎስ ከደስታው ብዛት እዚያው ምሰሶው ሥር ተቀመጠ።

ከወይዘሮ ትርፊት አጠገብ የነበሩ አንዲት የዶዮገና ሴት ጠጋ ብለው፣ ይህን የሠራው ያ ዝንቡ የሚሉት አማችዎ ነው ወይ ሲሉ ጠየቋቸው። ወይዘሮ ትርፊት ዓይናቸውን ከሣጥኑ ላይ አላነሡም።

"ዝንቡንማ ትናንት በምጣድ ጠብሼዋለሁ" አሉ። "ይሄ ልጄ ነው።"