ፈጥኖ የደረሰው ፎቶ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሆቴል ባለቤት ከባቱ ድረስ መጣብኝ። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ የሆቴሉን ድረ ገጽ ከፈተ። ክቡ ምልክት እየዞረ፣ እየዞረ ገጹ አልከፈት ሲል ሌባ እንደያዘ ሰው በጣቱ እየጠቆመ አሳየኝ። «ይኸውልዎት እትዬ ጽጌ! ሰው ይህን ሲጠብቅ ይውላል? ትቶኝ ጎረቤቴ ጋ ይገባል እንጂ» አለ። እውነቱን ነው። እኔም ይህን ያህል ዓመት እንጀራዬን የበላሁት ይህንኑ ለሰው ስናገር ነው። ፎቶውን አሳንሱ፣ ጌጡን ቀንሱ፣ ጽሑፉ ይቅደም፣ የመጣ ሰው ቆሞ አይጠብቅ እላለሁ። ለሱም ያንኑ ነገርኩትና አመስግኖኝ ሄደ። ከፎቶዎቹ አንዱ ግን የላንጋኖን ቡናማ ውሃ ያሳይ ነበርና ቀኑን ሙሉ ራሄልን ሳስብ ዋልኩ።

ራሄልና እኔ አዳማ ውስጥ ባንድ ሰፈር ያደግን፣ እስከ አሥረኛ ክፍል ባንድ ዴስክ የተቀመጥን ነን። እሷ ዝግ ያለች፣ እኔ ችኩል። እናቴ ወጡ ሳይበስል ድስቱን ከፍቼ ስቀምስ ባገኘችኝ ቁጥር «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ያፈሰስኩትን እንኳ የምለቅመው እየሮጥኩ ነበር። ሥራ የምንይዝበት ጊዜ ሲደርስ ራሄል ላንጋኖ ዳር ካሉት ሎጆች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆነች፤ እኔ ደግሞ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ።

አለቃዬ የከተማውን ሰው ወሬ የሚያወጣ ድረ ገጽ እንዲኖረው ይመኝ ነበር። ሠርግ፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የሞተ ሰው፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይወጣል። የአዳማ ልጅ አሰላም ይሁን ሻሸመኔ ገጹን ከፍቶ የሰፈሩን ያውቃል። ሥራው ለኔ ተሰጠኝ። ያን ጊዜ የሠራሁትን ዛሬ ባየው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ከላይ አበባ ይረግፋል፣ ርዕሱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ የክራር ሙዚቃ ሳይጠሩት ይጀምራል። ፎቶዎቹን ደግሞ ከካሜራ እንደወጡ፣ እንደ ግዙፍነታቸው እጭናቸው ነበር። በኔ ቤት ቁንጅና ነው።

«ጽጌ፣ ያንቺን ገጽ ከፍቼ ሁለት እንግዳ ክፍል አስገብቼ ስመለስ ገና ግማሽ ነው» አለችኝ ራሄል አንድ ቀን በስልክ፣ እየሳቀች። «ሙዚቃው ደግሞ አለቃዬን አስደነገጠብኝ። ጠዋት ጠዋት የሰፈሬን ወሬ ልይ ብል ልታስባርሪኝ ነው እኮ!»

ተናደድኩ። ጥፋቱ የላንጋኖ መስመር ነው ብዬ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። ነገሩ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረና በጥቅምት አንድ እሁድ ልጠይቃትም፣ ላየውም ብዬ ሄድኩ። ዓለም ጤና ላይ የሽንኩርት ጆንያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ነበር፤ ሽታው ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ እስክንወርድ ድረስ አብሮን ሄደ። ያኔ ሁላችንም ዝዋይ በምንላት በዛሬዋ ባቱ ወርጄ አሳ ጥብስ በሎሚና በሚጥሚጣ በላሁ። ላንጋኖ ስደርስ ጣቶቼ ገና አሳ አሳ ይሸቱ ነበር።

ራሄል ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ አስቀመጠችኝና ገጹን ከፈተችው። መጀመሪያ ነጭ ሆነ። ቆይቶ አበባው መጣ። ከዚያ የአንድ ሙሽራ ፎቶ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር፤ ፀጉሩ፣ ቆየት ብሎ ግንባሩ፣ ቆየት ብሎ ቅንድቡ። በመካከሉ እንግዳ መጣና ራሄል ተነስታ ሻንጣ አስያዘች፣ ክፍል አሳየች። ስትመለስ ሙሽራው ገና አፍ አልነበረውም። «አየሽ?» አለችኝና ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። በልቤ ግን ክፉኛ አፍሬ ነበር።

ወደ አዳማ ተመልሼ ከሁለት ሳምንት በላይ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። አበባውን ነቀልኩ፣ ሙዚቃውን ጣልኩ። አለቃዬ ለአበባው ሲያዝን ሰነበተ። የሰው ፊት ሳይደበዝዝ ፎቶ ማሳነስ እንደ ምስር ለቀማ ዓይን የሚያፈዝ ሥራ ነው፤ አንድ በአንድ አሳነስኳቸው። ጽሑፉ እንዲቀድም፣ አዲሱ ወሬ ከሁሉ በላይ እንዲቀመጥ አደረግሁ። ቀድሞ ማታ ማታ ሰብስቤ የማወጣውንም እንደመጣ ወዲያው ማውጣት ጀመርኩ። ሰው ወደደልኝ። ከአሰላ አንዱ «ባንቺ ገጽ ለአክስቴ ቀብር ደረስኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጻፈ። ራሄልም ደውላ «ጽጌዬ፣ አሁንማ እጄን ሳላነሳ ከች ይላል!» አለችኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ስደክም የነበረው ለሷ ብዬ ነበር ብል አልዋሸሁም።

የራሄል አባት ጋሽ በቀለ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ልጆች ሳለን ከጣቢያው ሲመለሱ ፓፓያ ይዘውልን ይመጡና ቢላዋ ሳይፈልጉ በሰንጢያቸው ለሁለት ከፍለው ለኔና ለራሄል ይሰጡን ነበር። በሐምሌ አንድ ሌሊት ደረቴን አሉ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አለፉ። ጎህ ሳይቀድ የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ስማቸውም ሲጠራ ሰማሁና በዝናብ ሮጬ ሄድኩ። ድንኳን እየተተከለ ነበር። አልቅሼ ወጣልኝ ለማለት እንኳ አልደረስኩም፣ ኢንተርኔት ቤቱን የምከፍተው እኔ ነበርኩና ወደ ሥራ ሄድኩ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ የራሄል የአክስት ልጅ ግርማ ፎቶና ወረቀት ይዞ መጣ። ጋሽ በቀለ የባቡር ኮፍያቸውን አድርገው የተነሱት ፎቶ ነበር።

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለኝ። «የአሰላና የሻሸመኔ ዘመዶች እንዲደርሱ ቶሎ አውጪልን።»

«ራሄልስ?»

«ኦቦ ቱሉ ሽማግሌዎች ይዘው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ወጥተዋል። እስካሁን ደርሰዋል።»

ኦቦ ቱሉ የዕድራችን ዳኛ ነበሩ፤ በሰፈሩ መርዶ ሲረዳ ፊት የሚቀድሙት እሳቸው ናቸው። ልደውልላቸው ስልኬን አነሳሁ። ራሄል አጠገባቸው ሆና ገና ሳትረዳ ብትሰማስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ይህ ምክንያት ጥሩ ይመስላል፤ ለብዙ ዓመት ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። እውነቱ ግን መጠበቅ አለመቻሌ ነው። ሰዓቱን በጣቴ ቆጠርኩ፤ በአሥራ አንድ የወጣ ሰው በሁለት ላንጋኖ ይደርሳል፤ አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ በቃ። እያለቀስኩ ፎቶውን አሳነስኩት። እያለቀስኩም ጥሩ አድርጌ ነው ያሳነስኩት፤ የኮፍያቸው ቁልፍ እንኳ ይታይ ነበር። ከሁሉ በላይ አስቀመጥኩትና ወጣ።

ያላወቅሁት ነገር ሽማግሌዎቹ መቂ ላይ መቆማቸውን ነው። መቂ የጋሽ በቀለ እህት አለች። ራሄልን አቅፋ የምትይዝ ሴት ያስፈልጋል ብለው እሷን ሊወስዱ ገቡ። እሷም ግን ወንድሟ ነው የሞተው፤ ለሷም መርዶ ነው። ጎረቤቶቿን ቀስቅሰው፣ አስቀምጠው፣ አረዷት፤ አልቅሳ እስክትበርድ ጠበቋት። ሎጁ አካባቢ ሲደርሱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ላይ ራሄል የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ጃንጥላ ሳትይዝ፣ በእግሯ ስትመጣ አገኟት።

ከቀብር በኋላ ኦቦ ቱሉ ድንኳኑ ውስጥ ጠሩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኛ እኮ ቀስ ብለን ነበር የምንነግራት። መጀመሪያ አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል እንላለን። ዝዋይ ስንደርስ ጠንቶባቸዋል እንላለን። ሞጆ ላይ ዝም እንላለን፤ ያኔ ራሷ ታውቀዋለች። እቤት ስትደርስ ግማሹን መንገድ ላይ አልቅሳው ትገባለች። እንደሱ ነው የሚደረገው።»

«አላወቅሁም ኦቦ፣ ደርሰዋል ብዬ...»

«ታውቂያለሽ እንጂ» አሉኝና የያዙትን ንፍሮ ወደ እጄ አፈሰሱልኝ። «ብይ።»

በሰልስቱ ከራሄል አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊቷ አብጦ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ ነገረችኝ።

«ፊት ለፊቴ እንግዳ ቆሞ ነበር፤ ቁርስ በልቶ የተመለሰ። ቁልፉን እየፈለግሁለት ገጹን ነካሁት። አባዬ ከች አለ። ከነኮፍያው። እንግዳው እየጠበቀ ነው። ቁልፉን ሰጠሁት፣ መልካም ቀን አልኩት፣ ሳቅሁለትም መሰለኝ። ከዚያ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ፣ ጽጌ፣ ግንባሩ እስኪወርድ እንግዳ ይመጣል፣ ተነስቼ እሄዳለሁ። በመሀሉ እነ ኦቦ ቱሉ ይደርሱ ነበር።»

ይህን ስትል ልትወቅሰኝ አልነበረም። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ። ከዚያ በኋላ የሞተ ሰው ወሬ የቤተሰቡ ሽማግሌ መጥቶ «ሁሉም ተረድቷል» ሳይለኝ አላወጣሁም። ጎብኚዎቹ ዘገየሽ ብለው ብዙ ጻፉብኝ፤ ይጻፉ። ማኅበራዊ ሚዲያ ሲመጣ ገጹም ተዘጋ። ከራሄል ጋር አልተጣላንም። በዓል ሲሆን እንጠያየቃለን፣ ሠርጓ ላይ ሚዜ ነበርኩ። ስለዚያ ጠዋት ግን አንስተን አናውቅም።

እናቴ የሞተችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እኔ ለሥራ ሐዋሳ ሰንብቼ ነበር። ጎህ ሲቀድ ያረፍኩበት ቤት በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሦስት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከፊታቸው ራሄል፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ።

«ስልክሽ የት አለ?» አለችኝ፣ እንደምን አደርሽ እንኳ ሳትለኝ።

«አልጋው ላይ።»

ገብታ አነሳችው፣ አጠፋችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ነው እጄን የያዘችኝ። «እማማን ትንሽ አሟቸዋል። እንሂድ፣ ልበሽ» አለችኝ። አወቅሁ። ሽማግሌዎቹን ያየ ሰው ማወቅ አያቅተውም። ግን እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ለበስኩ፣ ፀጉሬን አበጠርኩ፣ ለእናቴ ብርቱካን እንግዛላት አልኩ። ሻሸመኔ ላይ አስቁማ ብርቱካን ገዛችልኝ። የላንጋኖ መገንጠያ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ወደ ውጭ አላየንም። ባቱን እንዳለፍን «ጠንቶባቸዋል አሉ» አለችኝ። ራሴን ትከሻዋ ላይ ጣልኩ። ሞጆ ላይ ማንም አልተናገረም። እኔ ያን ጊዜ ብርቱካኑን አቅፌ አለቅስ ነበር፤ ራሄል እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግልኝ ነበር።

ዛሬ ያን መንገድ ሳስበው እናቴ ከሐዋሳ እስከ ሞጆ ድረስ ታማብኝ ነበር እንጂ አልሞተችብኝም። ራሄል ነች ያን ያህል መንገድ ያቆየችልኝ። የሷ አባት ግን ባንዴ ሞቱባት፤ ብቻዋን፣ የሰው ቁልፍ በእጇ ይዛ። አመሰግናለሁ ልላት ስንት ጊዜ ደጇ ደርሼ ተመልሻለሁ። እሱን ካልኩ ሌላውንም ማለት አለብኝ፤ ያን ጠዋት ለኦቦ ቱሉ መደወል ስችል ስልኩን መልሼ እንዳስቀመጥኩት።