ምሰሶ የጠጣው የሞተር ዘይት

አባቴ ትቶልን ካለፈው ነገር ሁሉ አስቸጋሪው ፒክአፑ ነበር። የጓሮው እንሰት ዝናብ ካገኘ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ፒክአፑ ግን ዘይት ይላል፣ ጎማ ይላል፣ ባትሪ ይላል። አባቴ ወደ ፎንቆ ገበያ እህል ሲያመላልስበት በኖረባቸው ዓመታት ዘይቱን አንድም ቀን ለሌላ ሰው አስቀይሮ አያውቅም። «ሆዱን የማላውቀውን መኪና አልነዳም» ይል ነበር። ከሞተ በኋላ መኪናው ሆሳዕና ግቢያችን ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ቆመ። መንጃ ፈቃድ ስለነበረኝ ቅዳሜ ቅዳሜ አስነስቼ ሰፈሩን አንዴ እዞርበትና መልሼ አቆመዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሽጪውና ተገላገይ» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። በዚያ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ግምገማ ነበር፤ እኔን በየጊዜው «ጎበዝ መምህርት ናት፣ ግን ቁጡ ናት» ይሉኛል፣ እኔም ብድግ ብዬ በቁጣ እክዳለሁ።

እናቴን ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዶባት ነበር። ቀንና ሌሊቱን ትለያለች፣ ከዚያ ያለፈ የለም። እኔን የምታውቀኝ በእግሬ ኮቴ ነው። አንድ ዓመት ዱራሜ ላይ የዓይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀን መጥተው ሞራ ይገፍፋሉ ሲባል ሰምተን በአውቶቡስ ሄድን። አውቶቡሱ አንጋጫ ላይ ሰው እስኪሞላ ቆሞ ዋለ፤ እኛ ስንደርስ ምዝገባው አብቅቷል። ስንመለስ እናቴ አንድም ቃል አላማረረችም። ከዚያ በኋላ ስለ ዓይኗ ማንሳት ተወች፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያብከነክነኝ የከረመውም ይኸው ዝምታዋ ነው።

በዓመቱ ሐኪሞቹ ተመልሰው መጡ። አስቀድሜ ካርድ አወጣሁላት። ቀጠሮዋ ሰኞ ጠዋት ነው፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ያልደረሰ ተራው ያልፈዋል። በዚህኛው ጊዜ አውቶቡስ የሚባል ነገር እንዳላይ ብዬ ቆረጥኩ፤ በአባቴ መኪና ይዣት እሄዳለሁ። ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ግን አባቴ በሕይወት እያለ የቀየረው ነው። እሱ ደግሞ ባረጀ ዘይት ሩቅ መንገድ አይወጣም ነበር። ስለዚህ እኔም አልወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በኛ አካባቢ የተቃጠለ ዘይት አይደፋም። ቤት የሚሠራ ሰው ምሰሶውን ከመትከሉ በፊት፣ ምስጥ እንዳይበላው፣ መሬት የሚገባውን ጫፍ በተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። መኪና ያለው ሰው ገና ሳይቀይር ጎረቤት ዘይቱን ይይዝበታል። አባቴም ወረፋ ነበረው። የተቃጠለውን በጄሪካን አድርጎ ከአጥሩ በር ሥር ያስቀምጣል፤ ተረኛው መጥቶ ድምፁን አሰምቶ ይወስዳል። የመጨረሻውን ዘይት የቀየረ ቀን «የሚቀጥለው የሀጂ ነው» ብሎ ነበር። ሀጂ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ የቅቤ ነጋዴ ናቸው። ለልጃቸው ቤት ሊሠሩ እንጨቱን አስመጥተው የአባቴን ቃል ሲጠብቁ ሁለት ዓመት ሞላቸው። ቅዳሜ ዕለት በአጥሩ ላይ ሆኜ «ሀጂ፣ ነገ እቀይራለሁ» ስላቸው ፊታቸው በራ።

ቅዳሜ አዲሱን ዘይትና የዘይት ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ገዛሁ። ዘይቱ ከበርሜል በሊትር እየተቀዳ ነበር የሚሸጠው፤ ቤት የነበረ ቢጫ ጄሪካን ይዤ ሄጄ አስሞላሁ። ወዲያው ቀይሬው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ፣ ግን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደና ግቢው ጭቃ ሆነ። ለእሁድ ጠዋት አደረ። እሁድ ጠዋት ደግሞ እናቴን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ለአምልኮ የምሄድበት ነው። እናቴን «ዛሬ ብቻ ልቅር» አልኳት።

«ለዓይኔ ብለሽ መቅረትሽን እግዚአብሔር ያይልሻል» አለችኝ በሀዲይኛ። «ጉባኤው ግን አያይልሽም።»

የአባቴን አሮጌ ሱሪ ለበስኩ፣ ካርቶን አንጥፌ መኪናው ሥር ገባሁ። ሞተሩን አስቀድሜ ትንሽ አሙቄው ነበር፤ ሲሞቅ ዘይቱ ቶሎ ይፈሳል። የማፍሰሻውን ብሎን በአስራ ሰባት ቁልፍ ፈታሁት። ጥቁሩ ዘይት እጄን ለብልቦኝ ከሥሩ ባስቀመጥኩት ሳፋ ውስጥ ተንዠቀዠቀ። ደስ አለኝ፣ ልዋሽ አልችልም። አባቴ ሲያደርገው ያየሁትን ሁሉ እጄ ያውቀዋል። ፊልትሮው ግን አልዞርም አለ። አባቴ የካላማዳሪ፣ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ቁራጭ ጠቅልሎበት ነበር የሚያዞረው፤ እኛ ቤት ደግሞ ካላማዳሪ የለም። የማፍሰሻውን ብሎን መልሼ አጠበቅኩና የአዲሱን ዘይት ጄሪካን እንዳላደናቅፈው ከሥራው ራቅ አድርጌ አጥሩ በር ሥር አስቀመጥኩት። ከዚያ መንገድ ዳር ወዳለው ጎሚስታ ሄድኩ። ከበር ሥር ሌላ ቦታ አልታየኝም።

ጎሚስታው የጀመራትን ጎማ ሳይጨርስ ቀና አላለም። ቁራጭ ካላማዳሪዬን ይዤ ስመለስ በሩ ሥር ምንም የለም።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። «ዘይቱስ?» አልኳት።

«ሀጂ መጥተው ወሰዱት። በር ሥር ነው ወይ አሉኝ፤ አዎ፣ ይውሰዱት አልኳቸው።»

«የተቃጠለው እኮ ሳፋው ውስጥ ነው! አዲሱን ነው የሰጠሻቸው! አታዪም እንዴ?»

ቃሉ ከአፌ ወጣ። መልሼ ልውጠው ብፈልግም አልሆነም። እናቴ አልተቆጣችም፣ አልተከፋችምም። «አላይም» አለች፣ ሰዓት እንደጠየቅኳት ሁሉ።  ከሰው ፊት ተነስቼ የምክደው ቁጣዬ እውነት እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ይቅርታ ልላት ሲገባ ግን እፍረቱ አስሮኝ ወደ ሀጂ ግቢ ሮጥኩ።

ስድስት ምሰሶ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ የሁሉም ጫፍ ማር የተቀባ ይመስል ይብረቀረቃል። ሀጂ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ሰባተኛውን በአሮጌ መጥረጊያ እየቀቡ ነው። ጄሪካኑን አንስቼ ባየው፣ ከሥሩ የቀረው ትንሽ ዘይት ጭራሮና አፈር ገብቶበታል።

«ሀጂ፣ ይሄ እኮ አዲሱ ዘይት ነው!»

ሀጂ መጥረጊያውን አስቀመጡ። ጣታቸውን ነክረው አዩት፣ አሸተቱት። «እኔስ መኪናሽ ብዙ ስለማይሄድ ዘይቱም አልጠቆረም ብዬ ነው፤ እንዴት ያለ ንጹሕ ልጅ ናት እያልኩ እየመረቅኩሽ ነበር» አሉ። ሊያስቁኝ አልነበረም፤ የምራቸውን ነው። ሞተሩ ባዶ መሆኑን፣ ነገ ጠዋት ዱራሜ መድረስ እንዳለብን፣ የዘይት ሱቁ ባለቤት የኛው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መሆኑንና ከአምልኮ በኋላ በቀጥታ ወደ ገጠር ዘመዶቹ እንደሚሄድ ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ሂጂና ከበር ጠብቂው እንጂ ታዲያ!»

«እንዲህ ሆኜ?» አልኳቸው። የአባቴ ሱሪ እስከ ጉልበቴ ዘይት ነው፣ እጄ እስከ ክንዴ ጥቁር ነው። ለዚያውም ከአምልኮ የቀረሁት እኔ ነኝ። ታጥቤ ለብሼ እስክደርስ ሰውየው ይሄዳል።

ሀጂ እጃቸውን ታጠቡ፣ ነጭ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ጥላቸውን አነሱ። «የፈሰሰው በኔ እጅ ነው» ብለው ወጡ።

የቀረውን በኋላ የነገረኝ ባለሱቁ ሽማግሌ ነው። ሀጂ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ መዘምራን እየዘመሩ ነበር። አስተናጋጆቹ ትልቅ ሰው በር ላይ አይቆምም ብለው ከኋላ ወንበር አቀረቡላቸው፤ ሀጂም አመስግነው ተቀመጡ። ዝማሬው አለቀ፣ ስብከቱ ቀጠለ፣ ሀጂ ጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ቡራኬው እንዳበቃ ሽማግሌውን እጁን ያዙት፤ ጎትተውም ሱቁን አስከፈቱት።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ፊልትሮውን በካላማዳሪው አውልቄ ከመኪናው አጠገብ ተቀምጬ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትደርስ በሩን በሩን ሳይ ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ፣ እኔ ካርቶኑ ላይ። በመጨረሻ ሀጂ ከፊት፣ ሽማግሌው በእሁድ ሱፉ ጄሪካን አንጠልጥሎ ከኋላ፣ በር ላይ ብቅ አሉ። እንደዚያ ቀን ሰው አይቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሽማግሌው ሱሪዬን አየ፣ እጄን አየ። «እህቴ፣ ዛሬ የተሰበከው ስለ ትዕግሥት ነበር» አለኝ። «ሀጂ ግን በደንብ ሰምተውልሻል።»

የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ ዘይት አስነክቼ በእጄ አጠበቅኩት። የውሃ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጬ ዘይቱን በእሱ በኩል ቀስ እያልኩ ሞተሩ ውስጥ አፈሰስኩ። በመለኪያው ብረት ለካሁ፣ ጨመርኩ፣ እንደገና ለካሁ። ከዚያ ገብቼ ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩ ተነሳ፤ ቀይዋ የዘይት መብራት ግን እንደበራች ናት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልኩ። ጠፋች። መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ እንደ ሕፃን ሳቅኩ። ሀጂ በመስኮቱ በኩል «ምንድነው? ምን ሆነ?» ይላሉ። «ጠፋች፣ ጠፋች!» እላለሁ እኔ፣ እሳቸው የባሰ ደነገጡ።

ማታውን አንድም ጠብታ ቢንጠባጠብ እንዳየው ሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ዘረጋሁ። በማለዳ ሳየው ካርቶኑ ንጹሕ እንደሆነ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሳን። አንጋጫን ስናልፍ የገበያው ሜዳ ገና ባዶ ነበር፤ አውቶቡሱ ሰው እስኪሞላ የቆመበት ቦታ ላይ እንኳ ፍጥነት አልቀነስኩም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዱራሜ ገብተን እናቴ ከተጠሩት የመጀመሪያዎቹ መካከል ሆነች።

ሀጂ እነዚያን ምሰሶዎች ተከሏቸው። ሰባቱ በአዲስ ዘይት፣ የቀሩት በተቃጠለው የተቀቡ ናቸው። ምስጡ የትኛውን እንደሚንቅ እናያለን ይሉ ነበር። እስካሁን አንዱንም አልነካውም።

በሕክምናው ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዱራሜ ላይ ነርሷ የእናቴን ዓይን ፋሻ ፈታች። እናቴ ደጋግማ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። እኔ ከአልጋው ጫፍ እጇን ይዣለሁ፤ ከእሁድ ጀምሮ ያላልኩትን ይቅርታ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ግን ፊቴን አላየችም መጀመሪያ። ወደ ታች፣ እጇን ወደያዘው እጄ አየች። ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላበጠች።

«ጥፍርሽ እኮ ጥቁር ነው» አለች። «እንዲህ ሆነሽ ነው ሰው ፊት የቀረብሽው? አንቺ አታዪም እንዴ?»