ስም የሚጠራው የዋሻ ጠባቂ

ይሄን ሳልነግራችሁ ማደር አልችልም! ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኛዬ ከሲላስ ጋር ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ያለ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ልናይ ሄድን። ሜዳው ራሱ ነጭ ድንጋይ ነው፣ እዚህም እዚያም ተቦርቡሯል። ዋሻው በር ላይ አንድ ጠባቂ አለ። በዚያ ፀሐይ ወፍራም ጃኬት ለብሷል፣ ጀርባውን ለዋሻው አይሰጥም። ስማችንን ጠየቀን።

"እኔ አልገባም። ከዚህ ሆኜ ስጠራችሁ አቤት በሉ" አለን።

ገባን፤ ውስጡ ጨለማ ነው ስላችሁ! ሰውየው ከበሩ ስማችንን ጠራ፣ አቤት አልን። ደግሞ ጠራ።

"ይሄ ሰውዬ አቴንዳንስ ነው እንዴ የሚይዘው?" አለ ሲላስ እየሳቀ፤ ቀጥሎ ሲጠራው ዝም አለ።

ሰውየው "ሲላስ! ሲላስ!" እያለ ያለ ባትሪ እየዳኸ ገባ። ፊቱን ዳሰሰው፣ አፍንጫው ስር መዳፉን አድርጎ ትንፋሹን ጠበቀ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ስቀልድ ነው" አለ ሲላስ።

"ወደ ደቡብ አፍሪካ ኮንቴነር ውስጥ ተዘግቶብን ስንሄድ ወንድሜም ይቀልድ ነበር" አለ ሰውየው። "ዝም ሲለኝ፣ እየቀለደ ነው ብዬ ተውኩት።"

እናንተ ሰፈርስ በዚያ መንገድ ሄዶ የተመለሰ አለ? ምን ብሎ ነገራችሁ?